ቬፕ ፈሳሽ ቤት ውስጥ ለምትቀምሙ፦ ንጹሕ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል እንዴት ይገዛል?

የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሽ መሠረቱ ሁለት ነገር ነው፦ ፕሮፒሊን ግላይኮል እና ከተክል የሚገኝ ግሊሰሪን። ቀማሚዎች ፒጂ እና ቪጂ ይሏቸዋል። ኒኮቲኑም ፍሌቨሩም (ጣዕም ሰጪው) የሚጨመረው እነሱ ላይ ነው። የጠርሙሱ አብዛኛው ክፍል እነሱ ስለሆኑ ሳንባችሁ ውስጥ በብዛት የሚገባውም እነሱው ናቸው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከዚህ ይጀምር።

ከሁሉ በፊት ግን የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ይከለክላል። ይህን የምጽፈው ነገሩ በሕግ በተፈቀደባቸው እንደ አሜሪካና እንግሊዝ ባሉ አገሮች ለሚኖሩ አዋቂዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመግዛት 21 ዓመት፣ እንግሊዝ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ባይጀምረው ይሻለዋል። ንጹሕ ፈሳሽም ቢሆን ለሳንባ ምግብ አይደለም።

መለያው ላይ ምን ልፈልግ?

«ንጹሕ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «ኦርጋኒክ» የሚሉትን ቃላት እለፏቸው። ማንም ሊጽፋቸው ይችላል። የምትፈልጉት የመድኃኒት ደረጃን የሚያሳይ ምልክት ነው። አሜሪካ ውስጥ «ዩኤስፒ»፣ እንግሊዝ ውስጥ «ቢፒ»፣ በአውሮፓ «ኢፒ» ይባላል። በዩኤስፒ መስፈርት ግሊሰሪን ቢያንስ 99.0 በመቶ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ቢያንስ 99.5 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት። «የምግብ ደረጃ» የሚል ብቻውን ሲመጣ እኔ አልገዛም። የመድኃኒት ደረጃው በቀላሉ እየተገኘ ከዚያ ዝቅ የምንልበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ የባች ቁጥሩን፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን ምርት የሚለየውን ቁጥር፣ ፈልጉ። ቁጥር የሌለው ጠርሙስ ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም፤ መልሱት።

ወረቀቱን ጠይቁ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ደህና ሻጭ ለእያንዳንዱ ባች የላቦራቶሪ ምርመራ ሰርተፍኬት አለው። አንዳንዶቹ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ ሌሎቹ ስትጠይቋቸው ይልካሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሲደርሳችሁ የወረቀቱ ባች ቁጥር ከጠርሙሱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ «ዳይኤትሊን ግላይኮል» እና «ኤትሊን ግላይኮል» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የእያንዳንዳቸው መጠን ከ0.10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህ መስመር ከሌለ ወረቀቱ አልተሟላም።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ። ዳይኤትሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚገድል መርዝ ነው። ወፈር ያለ፣ ቀለም የሌለው፣ የሚጣፍጥ ፈሳሽ ነው፤ ልክ እንደ ግሊሰሪን። በዓይን፣ በአፍንጫም ሆነ በምላስ አይለይም። እንደውም አትቅመሱት። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ አጭበርባሪዎች በግሊሰሪን ስም ሸጠውታል። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ኬሚካል የተሟሟ የመድኃኒት ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ1938 የወጣው የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሄይቲ ውስጥ ከ80 በላይ ሕፃናት በተበከለ ግሊሰሪን በተሠራ ሽሮፕ ሞቱ። በ2022 ደግሞ ጋምቢያ ውስጥ በርካታ ሕፃናት በተበከለ የሳል ሽሮፕ አለቁ።

ከሁሉ የሚያስተምረው የ2006ቱ የፓናማ ጉዳይ ነው። ይኸው መርዝ በግሊሰሪን ስም ከቻይና ተነሥቶ በስፔን ነጋዴ በኩል ፓናማ ደረሰ። ሰርተፍኬት ነበረው፤ 99.5 በመቶ ንጹሕ ግሊሰሪን ይላል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው አምራች ስም ጠፍቶ ነበር። በየመሀሉ ማንም አልመረመረውም፤ ሁሉም የፊተኛውን አመነ። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ የሻጩን ስም ብቻ ከያዘ አይበቃም። ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደተመረመረና እስከ መቼ እንደሚያገለግል መጻፍ አለበት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የመድኃኒት አምራቾች ከእያንዳንዱ በርሜል ናሙና ወስደው እንዲፈትሹ የሚመክረው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩ፦ ግሊሰሪኑ ከምን ተክል ነው? አኩሪ አተር፣ ዘንባባ፣ ኮኮናት ወይም የጎመን ዘር ከሆነ ጥሩ። ኤፍዲኤ በ2012 እኛም አገር ከሚበቅለው ከጃትሮፋ የሚወጣ ግሊሰሪን መርዛማ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል። የተለመደው ምርመራ ላይይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ምንጩን ከሻጩ መጠየቅ ነው ያለው።

ከማን ልግዛ?

በታሸገ የአምራቹ ዕቃ የሚሸጥ ይመረጣል። ከትልቅ በርሜል እየቀዳ በራሱ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያውን ባች ቁጥር ካላሳየ ይቅርባችሁ። በትልልቅ የኦንላይን ገበያዎች ላይ አንዱን ምርት ብዙ ሻጮች ስለሚያቀርቡት የሻጩን ስም ሳታዩ አትዘዙ። ትንሽ ግዙ። ግማሽ ሊትር ለጀማሪ ይበቃል።

እነዚህን ፈጽሞ አትጠቀሙ

ከፋርማሲ ለቆዳና ለፀጉር የምንገዛት ግሊሰሪን እዚህ አትገባም። ሽቶ፣ ጽጌረዳ ውሃ ወይም እንዳትበላሽ የሚጨመር ኬሚካል ሊኖራት ይችላል። የመኪና አንቱፍሪዝም ፕሮፒሊን ግላይኮል ቢልም ቀለምና ዝገት መከላከያ ስላለበት አይሆንም። ከባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ ነዳጅ) የተረፈ ያልተጣራ ግሊሰሪን ሜታኖል የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ዘይት ደግሞ በምንም መልኩ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ ምንም። ለሆድ ወይም ለቆዳ የሚስማማ ለሳንባ ይስማማል ማለት አይደለም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በተከሰተው የቬፕ ሳንባ ጉዳት እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ 68ቱ ሞተዋል። በዋናነት የተገኘው ጥፋተኛ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር፤ ዘይታማ ነገር ነው። አብዛኞቹ የተጠቀሙት የካናቢስ ንጥረ ነገር የነበረበትን ቬፕ ነበር።

ፍሌቨር ላይም ያው ነው። በውሃ ወይም በፒጂ የሟሟ፣ ዘይትና ስኳር የሌለው ይሁን። የቅቤና የክሬም ጣዕም የሚሰጠው ዳያሴቲል የፋንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሳንባ አበላሽቷል። ሻጩ ዳያሴቲል እንደሌለው በጽሑፍ ካላረጋገጠላችሁ ክሬሙን ተዉት።

ኒኮቲን

ጠንካራ ኒኮቲን ገዝቶ ቤት ውስጥ ማቅጠን አልመክርም። በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለሕፃን ጥቂቱም ገዳይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እሱን ግዙ። አንዱን ባለ 18 (በሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም) ጠርሙስ ከ50 ሚሊ ሊትር ኒኮቲን አልባ ፈሳሽ ጋር ስትቀላቅሉ 60 ሚሊ ሊትር ባለ 3 ይወጣላችኋል። አሜሪካ ውስጥም ደካማውን ምረጡ። ስትነኩት ጓንት አድርጉ፤ ልጅ የማይከፍተው ክዳን ይኑረው፤ የምትቆልፉበት ቦታ አስቀምጡት።

ዕቃው ሲደርስ

ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ፈሳሹ ጥርት ያለና ሽታ የሌለው መሆኑን እዩ። ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ አትጠቀሙበት። የከፈታችሁበትን ቀንና ባች ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሰርተፍኬቱንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ግሊሰሪን ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑን ወዲያው ግጠሙት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይመቸዋል።

አዲስ ፈሳሽ ጀምራችሁ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የማይለቅ ሳል ከመጣ ወዲያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደገባበትም ሳትደብቁ ተናገሩ። ኒኮቲን ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውሃ ታጠቡ። አሜሪካ ያላችሁ ለመርዝ መረጃ በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን መደወል ትችላላችሁ። ልጅ ከዋጠው ወይም ሰው ከወደቀ ግን በቀጥታ 911፣ እንግሊዝ 999 ደውሉ።