ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃው ላይ አልወጣ ስትል

ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥታችኋል። ሞተሩ ያጓራል። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል፣ ኋላዋ ውሃ ውስጥ ሰጥሟል፣ ከኋላችሁ ትልቅ ሞገድ ትጎትታላችሁ። ፍጥነት ግን የለም። ከፊት ምን እንዳለ ለማየት እንኳ ብድግ ማለት አለባችሁ።

ትንሽ ሞተር ጀልባ በዝግታ ስትሄድ ውሃውን እየገፋች ነው የምትሄደው። ፍጥነት ስትጨምር የራሷ ሞገድ ፊቷ ላይ ዳገት ይሆንባታል። ያን ዳገት ከወጣች ውሃው ከሥር ይሸከማትና ላዩ ላይ መንሸራተት ትጀምራለች። አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይቀለዋል፣ ነዳጁን ቀነስ ብታደርጉ እንኳ ቶሎ አትወርድም። ብዙ ጉልበት የሚጠየቀው ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ጉልበት ትንሽ ከጎደለ ወይም ክብደት ትንሽ ከበዛ ግን ዳገቱ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። ድሮ ትወጣ ነበር? ትወጣ ከነበረ፣ የተበላሸ ወይም የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ከመጀመሪያውም ወጥታ የማታውቅ ከሆነ ግን ችግሩ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ፕሮፔለሩ፣ የሞተሩ ቁመት ወይም የሞተሩ አቅም ከጀልባዋ ጋር አልተስማማም። ይህን ሳይለይ ካርቡሬተር የሚፈታ ሰው በከንቱ ይደክማል።

መጀመሪያ በነጻ የሚሞከረው

ብቻችሁን፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) እስከ ግማሽ ብቻ ሞልታችሁ፣ ዕቃ ሳትጭኑ ውጡ። ሞተሩን ወደ ጀልባዋ አስጠግታችሁ አዘንብሉት። በቁልፍ የሚያዘነብል ከሆነ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገቡት። በፒን የሚያዝ ከሆነ ፒኑን ወደ ጀልባዋ በሚቀርበው ቀዳዳ ላይ ክተቱት። ሞተሩ ወደ ውጭ ካዘነበለ ግፊቱ አፍንጫዋን ሽቅብ ይሰቅላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ኋላዋን ያነሳል። መነሻ ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው። ከወጣች በኋላ ቀስ እያላችሁ መልሱት፤ አለዚያ አፍንጫዋ ውሃውን ያርሳል፣ መሪውም ይከብዳል።

እንዲህ ሆና ወዲያው ከወጣች ጥፋተኛው ክብደት ነው። ባትሪው፣ ሰልባትዮው፣ መልህቁ፣ ሁለት ወፍራም ጓደኞች፣ ሁሉም ኋላ ተከምረዋል። 40 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ነው። የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ወደ መሃልና ወደ ፊት አምጡት። አንድ ሰው ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጦ አጥብቆ ሲይዝ ብድግ የምትል ከሆነ መልሱ ተገኝቷል።

ሰው የሚረሳው ደግሞ የማይታየውን ጭነት ነው። በአንድ አሮጌ ጀልባ ላይ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር አሳጠብኩ። ምንም። በመጨረሻ ወለሉን ትንሽ በስቼ ከሥር ያለውን ስፖንጅ ቆንጥሬ አወጣሁ። ስጨምቀው ውሃው በክርኔ ወረደ። ወለል ሥር የሚሞላው ስፖንጅ ጀልባዋ እንዳትሰምጥ የሚረዳ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ውሃ ሊጠጣ ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ከጠጣ፣ ከጉዞው የማይቀር አንድ ከባድ ሰው ጭናችኋል። መፍትሄው አያስደስትም፤ ወለሉን አንስቶ ርጥቡን ማውጣት ነው። ጀልባዋን መሬት ላይ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋችሁ የኋላውን ቡሽ ነቅላችሁ ለረጅም ጊዜ ብታቆሟት ሥር የተጠራቀመው ይወርዳል። ስፖንጁ ውስጥ የገባው ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ አትሄድም

ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ዙሩ ይወጣል፣ ጎማው አይከተልም። ጀልባም ላይ እንደዚያው ነው። ፕሮፔለሩ ውሃ መጨበጥ አቅቶታል፣ ወይም ሞተሩ ፕሮፔለሩን መጨበጥ አቅቶታል።

በመጀመሪያው እንጀምር። ብዙ ጊዜ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል። ከፕሮፔለሩ በላይ አግድም የተዘረጋች ጠፍጣፋ ብረት አለች። ሥራዋ አየር ወደ ታች እንዳይሳብ መከላከል ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህች ብረት ከጀልባዋ ሥር ጋር እኩል ወይም ከእሱ በትንሹ ከፍ ያለች መሆን አለባት። ረጅም ጣውላ በሥሩ አስጠግታችሁ ወደ ኋላ ብትዘረጉት በዓይን ይታያል። በጣም ከፍ ካለች ሞተሩን አንድ ቀዳዳ አውርዱት። አጭር እግር ያለው ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የኋላ ግድግዳ፣ ረጅሙ ደግሞ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የተሠራ ነው። አጭሩን ረጅም ግድግዳ ላይ ያሰረ ሰው ቀዳዳ በማቀያየር አይድንም።

ሞተሩ ፊት ሥሯ ላይ የተለጠፈ ነገር ካለም እዩት። የጥልቀት መለኪያ ሴንሰር ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ተተክሎ የአረፋ ጅራት ሊልክበት ይችላል። ወደ ጎን ማራቅ ነው። ክንፉ የተቆለመመ ወይም ጫፉ የተበላ ፕሮፔለርም ይጠገናል ወይም ይቀየራል። በዚህ ላይ ብዙ መነጋገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው። በብዙ ፕሮፔለሮች መሃል ዘንጉን የሚይዝ ጎማ አለ። ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመታ ማርሹን ለማዳን ታስቦ የተሠራ ነው። ጎማው አንዴ ከላላ ቀስ ስትሉ ይይዛል፣ ነዳጅ ስትሰጡ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ሰው ሞተሩን የሚጠረጥረው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የማጥፊያውንም ገመድ ከቦታው አውጡ። ከመሃሉ ብረት ተነስታችሁ ጎማውን አቋርጣችሁ እስከ ውጪኛው አካል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ሲደርቅ ወጥታችሁ ሙሉ ነዳጅ ስጡና ተመለሱ። መስመሩ ተቆርጦ አንዱ ጫፍ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ከሆነ ጎማው አልቋል። ጎማውን ማስቀየር ወይም አዲስ ፕሮፔለር መግዛት ነው። ፕሮፔለሩን ስትፈቱ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ክር ካገኛችሁ አውጡት። የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጣል።

ዙሩ ጭራሽ አይወጣም

ሞተሩ ታፍኖ ያለ ይመስላል። ከጀልባ ኋላ የሚታሰሩ ብዙ የውጪ ሞተሮች በሙሉ ነዳጅ ከ5000 እስከ 6000 ዙር በደቂቃ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። የእናንተው ልክ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ዙር መለኪያ ከሌላችሁ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። በጆሮ ብቻ የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

በጣም ርካሹን አስቀድሙ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይግፋ፣ እናንተ ሽፋኑን ከፍታችሁ ካርቡሬተሩ ጋ ያለውን ማንሻ ተመልከቱ። እስከ መቆሚያው ድረስ መድረስ አለበት። ገመዱ ከተለጠጠ ሞተሩ በሦስት አራተኛ ጉልበቱ እየሠራ ነው፤ እናንተ ግን ሙሉ የሰጣችሁ ይመስላችኋል።

ቀጥሎ ነዳጅ። ዳገቱ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ሌላ ሰው ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ ይጭመቅ። ሞተሩ ድንገት ነፍስ ከዘራ ነዳጅ እየጠማው ነበር። የሰልባትዮው የአየር መግቢያ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ፊልትሮው ሊቆሽሽ ይችላል፣ ቱቦው አየር ሊስብ ይችላል፣ ፓምፑም ሊደክም ይችላል። ፓምፗ ተጨማድዳ ከቀረች የተዘጋው ከእሷ በፊት ያለው መንገድ ነው።

ከዚያ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈትታችሁ በተራ ደርድሯቸው። ቡናማ ከሆኑት መሃል አንዱ ርጥብና ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ያ ሲሊንደር አልሠራም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አንዱን ካጣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ዳገቱን ግን አያሸንፍም። አዲስ ካንዴላ ካልፈታው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለኩ። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ መካኒክ ጋር የመቀመጫ ጊዜ ነው። አንዳንድ አዲስ ሞተሮች ደግሞ ሲሞቁ ወይም ዘይት ሲያንሳቸው ራሳቸውን ለመጠበቅ ዙር ይቀንሳሉ። የማቀዝቀዣው ውሃ በጎን በደንብ መውጣቱን አትርሱ።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ዙሩ ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዷል። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ ስፋቱ፣ ሌላው ፒቹ ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ቡሎን ሳይንሸራተት አንድ ጊዜ ሲዞር በኢንች ስንት ወደ ፊት እንደሚሄድ ነው። ትልቅ ፒች በአራተኛ ማርሽ ዳገት መውጣት ማለት ነው። አንድ ኢንች ስትቀንሱ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። 600 ዙር ከጎደላችሁ ሦስት ወይም አራት ኢንች ቀንሱ። ከባህር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እዚያ ፒች መቀነስ ግድ ነው። ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለርም ኋላዋን ያነሳል፣ ከጫፍ ፍጥነት ትንሽ ቢሰርቅም። ሞተሩ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ ክንፍ ይረዳል፤ ግን ሌላውን ጉድ ስለሚሸፍን መጨረሻ ላይ ብታስቡት ይሻላል።

ይህ ሁሉ አልፎ ምንም ካልተገኘ ከሥር ግቡ። አልጌና ቀንድ አውጣ የለበሰ ሥር ጀልባዋን ወደ ኋላ ይይዛታል፤ ማጽዳት ነው። ከዚያ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ከኋላ ወደ ፊት በሥሯ ላይ አስደግፉ። መሃሉ አብጦ ጫፎቹ ከሥሯ ከራቁ፣ ያ ቅርጽ በፍጥነት ጊዜ ኋላዋን ወደ ታች ይስባል። እንዲህ ያለ ሥር የሚስተካከለው ፋይበር በሚያውቅ እጅ ነው፤ ሞተር መቀየር አይፈታውም።