ክርኑን ለሚያመው ብስክሌተኛ፦ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግለት

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ቡና ልቅዳ ብዬ ጀበናውን ከማቶቱ ላይ ሳነሳ ቀኝ ክርኔን እንደ መርፌ ወጋኝ። እጄ ተንቀጠቀጠና ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ጀበናውን ተቀብላኝ «እጅህን ምን ነካው?» አለችኝ። ምንም አልነካውም፤ አልወደቅሁም፣ ከባድ ነገርም አላነሳሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በየሥራ ቀኑ ደርሶ መልስ 18 ኪሎ ሜትር በብስክሌት እሄዳለሁ፤ እሱን ደግሞ ለዓመታት ሳደርገው የኖርኩት ነው።

ሦስት ሳምንት ብስክሌቱን አቆምኩ። ሕመሙ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። እንዲህ እየሄደ እየመጣ ስምንት ወር አሰቃየኝ። ኋላ ላይ የገባኝ፣ ክርን በመሪውና በትከሻ መካከል ያለ መገጣጠሚያ እንደመሆኑ የመንገዱ ንዝረትም፣ የሰውነታችን ክብደትም በእሱ በኩል ያልፋሉ። ክርኑን ብቻ ስናክም ምክንያቱ ኮርቻውና መሪው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ይህን የምጽፈው እየነዳችሁ እንድትድኑ እንጂ ብስክሌታችሁን እንድትተዉ አይደለም።

መጀመሪያ በአንድ ጣት ቦታውን አሳዩ

«ክርኔን ያመኛል» ማለት አይበቃም። እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና በሌላው እጃችሁ አንድ ጣት ሕመሙ ያለበትን ቦታ ንኩ። ውጪ በኩል ያለችው ጎበጥ ያለች አጥንት ላይ ነው? ወደ ሰውነታችሁ በሚዞረው በውስጥ በኩል ነው? ጠረጴዛ ላይ በሚደገፈው የክርን ጫፍ ላይ ነው? ወይስ ክርኑ ብዙም ሳያማችሁ ትንሿ ጣታችሁ ነው የምትደነዝዘው? አራቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

በጣት የሚነካ ቦታ ካጣችሁለት፣ ሕመሙም አንገታችሁን ስታዞሩ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ፣ ምንጩ አንገት ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። መሪው በጣም ዝቅ ያለ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብለን መንገዱን ለማየት አንገታችንን ለረጅም ሰዓት ቀና እናደርጋለንና። ይህ በቤት ውስጥ የሚጨረስ ጉዳይ ስላልሆነ ሐኪም ይየው።

ውጪ በኩል ሲያም

ብዙዎቻችንን የሚያመን ይህ ነው፤ የእኔም ይኸው ነበር። ምልክቱ በቀላሉ ይታወቃል፦ ጀበና ወይም የውሃ ጆግ ማንሳት፣ የበር እጀታ ማዞር፣ ሰው መጨበጥ፣ የታጠበ ልብስ መጭመቅ ያማል። ለማረጋገጥ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ፣ ከዚያ የመሐል ጣታችሁን ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፤ በሌላው እጃችሁ ደግሞ ወደ ታች ተጫኑት። ያቺ የውጪዋ አጥንት ላይ ቆንጠጥ ካደረጋችሁ፣ ችግሩ እሷ ላይ የተጣበቀው ጅማት ነው። ሐኪሞች ቴኒስ ኤልቦ ይሉታል፤ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ግን ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም።

ጣቶቻችንን የምናጥፈው በውስጥ በኩል ባሉ ጡንቻዎች ሆኖ ሳለ ውጪ በኩል ለምን ያማል? መሪ ወይም ፍሬን አጥብቀን ስንይዝ የእጃችን አንጓ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የውጪዎቹ ጡንቻዎች እኩል መሳብ አለባቸው። ስለዚህ ያለ ምክንያት መሪ ባነቅን ቁጥር ያ ጅማት ይጎተታል። በዚህ ላይ ኮብልስቶን ጨምሩበት፦ ክርናችን ተገትሮ፣ እጃችን መሪውን አንቆ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ሲመታን ጉዳቱ በቀጥታ እዚያች ጅማት ላይ ያርፋል። በፈረንሳዩ የፓሪ–ሩቤ ውድድር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚጋልቡት ሰዎች እንኳ መሪውን ላላ አድርገው፣ ክርናቸውን አጠፍ አድርገው ነው የሚይዙት።

መፍትሄውን ከብስክሌቱ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ፈተና ደግሞ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ እየነዳችሁ ጣቶቻችሁን መሪው ላይ በገና እንደሚደረድር ሰው አንቀሳቅሱ። ሳትንሸራተቱ፣ ትከሻችሁ ሳይጨነቅ ከቻላችሁ ክብደታችሁ በመቀመጫችሁና በእግራችሁ ላይ ነው። ጣቶቻችሁን ስታላሉ ሰውነታችሁ ወደፊት ከተንሸራተተ ግን እጆቻችሁ እንደ ምሰሶ ተሸክመዋችኋል ማለት ነው።

እኔን የጣለኝ ይኼው ነው። ሕመሙ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንት በፊት ብስክሌቴን ለጥገና ሰጥቼ ነበር። ሲመለስልኝ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሎ መታሰሩን አላስተዋልኩም፤ ዝንባሌው በዓይን እንኳ በደንብ የሚለይ አልነበረም። ከስምንት ወር በኋላ ግንበኛ ጎረቤቴን ውሃ ልክ ተውሼ፣ ኮርቻው ላይ ጠፍጣፋ መጽሐፍ አስቀምጬ ስለካው ነው አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሽታ ያየኋት። ብሎኑን ፈትቼ አስተካከልኩት። በማግስቱ ሥራ ስገባ እጄ ባዶ የሆነ መሰለኝ፤ ያን ያህል ክብደት ተሸክሜ እየሄድኩ ኖሯል።

ኮርቻው ልክ ሆኖም ከተንሸራተታችሁ፣ መሪው ርቋችሁ ሊሆን ይችላል። ክርናችሁን በትንሹ አጠፍ አድርጋችሁ መሪውን መያዝ ካልቻላችሁ፣ ማለትም እጃችሁ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ የማይደርስ ከሆነ፣ መሪውን ከፍ ማድረግ ወይም መሪውን የሚይዘውን አንገት በአጭር ማስለወጥ ያስፈልጋል። ኮርቻውን ወደፊት በመግፋት ችግሩን ለመፍታት አትሞክሩ፤ ጉልበታችሁ ይጎዳል፣ እጃችሁም የበለጠ ይጫናል።

ፍሬኑንም እዩ። ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ ጣታችሁን ፍሬኑ ላይ ስታሳርፉ ከክርን እስከ ጣት ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ፍሬኑ ወደ ላይ ተነሥቶ ከታሰረ አንጓችሁ ወደ ኋላ ይሰበራል። ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ወደ ታች አዙሩት። የፍሬኑ ገመድ ዝጎ ከሆነ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ አስቀይሩት፤ የደረቀ ገመድ እየሳቡ ከቤዛዊት ኮረብታ መውረድ ለጅማት ትልቅ ፈተና ነው። አራት ጣት አያስፈልግም፤ በአንድ ወይም በሁለት ጣት፣ ከፍሬኑ እጀታ ጫፍ አካባቢ ስትይዙት ያነሰ ጉልበት ይበቃል።

ጎማውን እንደ ድንጋይ አታስነፉ። ባለ 26 ኢንች ሰፊ ጎማ ጎኑ ላይ ብታነቡ ብዙውን ጊዜ «ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ» (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ታገኛላችሁ። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ የፊተኛውን 60 ላይ አስነፋ ነበር። አሁን 40 ላይ ነኝ፤ ኮብልስቶኑ ያው ቢሆንም ክርኔ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሥራው የክንዳችሁ ነው። የከረመ የጅማት ሕመም በአብዛኛው ከመቆጣት ይልቅ የመዳከም ነገር ነው። ስለዚህ ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሰዋል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም፤ የእኔ ሦስት ሳምንት ለምን እንዳልሠራ ምክንያቱ ይህ ነው። ጅማት የሚጠነክረው በልክ ሲሠራ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ፣ እጃችሁ ከጠረጴዛው ጫፍ ይውጣ። በውሃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙና አንጓችሁን ቀጥ አድርጋችሁ 40 ሰከንድ ያህል ሳታንቀሳቅሱ ቆዩ። አርፋችሁ አምስት ጊዜ ድገሙት። ይህ ሲቀላችሁ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ማንሳት፣ ከዚያም የበለጠ ቀስ ብላችሁ ማውረድ ጀምሩ፤ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ግማሹ ሊትር ሲያንሳችሁ ወደ አንድ ሊትር እለፉ።

ሲሠራ ትንሽ ማመሙ አያስፈራችሁ። ሕመሙን ከአሥር ብትለኩት እስከ ሦስት ቢደርስና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ቢመለስ ልኩ ነው። ጠዋት ብሶ ካደረ ክብደቱን ቀንሱ። ውጤቱን በሳምንት አትጠብቁ፤ እኔ ጀበናውን ያለ ሥጋት ያነሳሁት በሦስተኛው ወር ነው። እስከዚያ ከክርኑ ወደ ታች ሁለት ጣት ያህል ወርዶ የሚታሰር ማሰሪያ ስትነዱ ሊረዳችሁ ይችላል።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። ኮርቲዞን የሚባለውን ቁጣና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ሲወጉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻላል፤ ያ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአውስትራሊያ ብሪዝበን የወጣ ጥናት 198 ሕመምተኞችን አነጻጽሮ ነበር፦ በስድስተኛው ሳምንት የተወጉት ከሁሉም የተሻሉ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ሕመሙ የተመለሰባቸው ብዙዎች ሆኑ፤ በዓመቱ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) የተደረገላቸው በልጠዋቸው ተገኙ። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ያ የስድስት ሳምንት እፎይታ አደገኛ ነው፤ አልታመመም ብሎ ያልዳነ ጅማት ላይ ይጭናልና።

ውስጥ በኩል ሲያም

ወደ ሰውነት በሚዞረው ጎን የሚሰማው ሕመም ዳገት ላይ ተነሥተው መሪውን ወደ ላይ የሚስቡ፣ ፍሬን በአራት ጣት ጨብጠው የሚወርዱ ሰዎች ዘንድ ይበዛል። 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ መሸከምም ያባብሰዋል። አካሄዱ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሃይላንዱን ስታነሱ መዳፋችሁ ወደ ላይ መሆኑ ነው። ዳገቱን ለጊዜው ተቀምጣችሁ በቀላል ማርሽ ውጡት።

ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከደነዘዙ የተጎዳው ክርን ስንመታ «ኤሌክትሪክ ያዘኝ» የሚያሰኘን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ የሚጫነው ሁለት ቦታ ነው፦ ክርን ላይ ወይም አንጓ ላይ። የሚለዩበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ከትንሿ ጣት በላይ ያለውን የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱት። እሱም ከደነዘዘ ችግሩ ክርን ላይ ነው። ድንዛዜው ጣቶቹ ላይና መዳፍ በኩል ብቻ ሆኖ የእጅ ጀርባ ደህና ከሆነ ግን አንጓ ላይ ነው፤ የጀርባውን ቆዳ የሚያገለግለው ቅርንጫፍ አንጓ ሳይደርስ ይለያልና።

አንጓ ላይ ከሆነ የመዳፋችሁን ተረከዝ መሪው ላይ ተጭናችሁ አትቆዩ፤ ስፖንጅ ያለው ጓንት አድርጉ፣ በየጥቂት ደቂቃው አያያዛችሁን ቀይሩ፣ ጣት መሪው ላይ የማንቀሳቀሱንም ፈተና ሥሩ። ክርን ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብስክሌቱ ብቻ አይደለም። ክርን ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይወጠራል፤ ስልክ ጆሮ ላይ ይዞ ረጅም ወሬ ማውራት፣ እጅን ከትራስ ሥር አጥፎ መተኛት ያባብሱታል። ማታ ፎጣ ክርናችሁ ላይ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ እንቅልፍ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል።

ጣታችሁ ከደከመ፣ ቁልፍ ማዞር ካቃታችሁ ወይም በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከሰለለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጅማት ይታገሣል፤ ነርቭ አይታገሥም።

ከወደቃችሁ በኋላ ከሆነ

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ሰው ከብስክሌት ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይቀበላል፤ ያኔ ክርን ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት ልትሰነጠቅ ትችላለች። ብዙ ጊዜ ክንዱ አይጣመምም፣ እብጠቱም ቀላል ይመስላል። ምልክቷ ክርናችሁን ከሌላው እጃችሁ እኩል ቀጥ አድርጋችሁ መዘርጋት አለመቻላችሁ ነው። ያን ቀን ራጅ ተነሡ።

ወጌሻ ለማክበር ነው ያደግነው፤ እናቴም እኔን ወስዳኛለች። ነገር ግን ገና የተጎዳ ክርን በኃይል መታሸትና መጠምዘዝ የለበትም። የተሰነጠቀው ሊለያይ ይችላል፤ ክርን ደግሞ ቶሎ የሚደርቅ መገጣጠሚያ ነው፣ ከጉዳት በኋላ በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት የሚበቅልበት ጊዜ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ መንገድ ሄዶ ዛሬ ክርኑን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ራጁ ይቅደም።

የክርን ጫፍ ላይ እንደ እንቁላል የሚያብጠው ደግሞ ፈሳሽ ነው፤ ካልተደገፉበት ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጎድላል። አታፍርጡት። ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካመጣባችሁ ግን ተመርዟልና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ተሽሏችሁ ሲመለስ

ካገገማችሁ በኋላ ሕመሙ ድንገት ከመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተቀየረ?» ነው። አዲስ ጎማ? የረዘመ መንገድ? የተበደረ ብስክሌት? ወይስ ጥገና? እኔ ኮርቻዬ ልክ በሆነ ቀን የቤታችንን በር ከቀባሁበት የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረኝ። በኮርቻው ማሰሪያ፣ በመሪው አንገትና በሁለቱም ፍሬኖች ላይ፣ ሁለት ብረት በሚገናኝበት ቦታ አንዳንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። አሁን ብስክሌቴን ከጥገና ስረከብ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ጎንበስ ብዬ አራቱ መስመሮች መገጣጠማቸውን አያለሁ። አንዱ ከተዛነፈ እዚያው፣ ቁልፉ በእጃቸው እያለ፣ ወደ ቦታው እንዲመልሱልኝ አደርጋለሁ።