የቆየ ትራክተር ጩኸትና የኦፕሬተሩ ጆሮ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቱሉ ዲምቱ፣ በዱከም፣ በሰበታና በሰንዳፋ ዙሪያ የእርሻ ወቅት ሲገባ፣ ጋቢና የሌላቸው የቆዩ ትራክተሮች ከማለዳ እስከ ምሽት ከማሳ ማሳ ሲዘዋወሩ ይታያሉ። በእነዚህ ትራክተሮች ጥገና ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ኦፕሬተሮችን ስለ ጩኸቱ ስጠይቅ ደጋግሜ የሰማሁት መልስም «ለምጄዋለሁ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው የችግር ምልክት ይኸው ቃል ነው፤ ጆሮ ጩኸትን አይለምድምና። አምና ያስጨንቅ የነበረው ድምፅ ዘንድሮ ቀለል ብሎ ከተሰማና ትራክተሩ ካልተጠገነ፣ የቀነሰው የመስማት ኃይል ሊሆን ስለሚችል ጆሮን ማስመርመር ይገባል።

ጩኸቱ ጎጂ መሆኑን ያለ መሣሪያ መገመት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በአንድ ክንድ ርቀት ለቆመ ሰው ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መናገር ካልተቻለ፣ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያጠብቀው የሙያ ጤና መለኪያ በቀን ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ97 ደግሞ 30 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ጋቢና የሌለው አሮጌ ትራክተር ጭነት ላይ ሲሆን በኦፕሬተሩ ጆሮ አጠገብ ከ90 እስከ 100 ዴሲቤል ማሰማቱ የተለመደ ነው፤ እንግዲህ የአንድ ቀን ድርሻ ገና ጠዋቱ ሳይጋመስ ያልቃል።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ፍንዳታ መሰል ጩኸት

የአሮጌ ትራክተር ዋነኛው የጩኸት ምንጭ ብዙ ጊዜ ማርሚታው፣ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ድምፅ ማፈኛ ነው። ማርሚታ በውስጡ ባሉት ክፍሎችና በተበሳሳው ቱቦ የድምፁን ሞገድ እርስ በርሱ እያጋጨ ያዳክመዋል፤ ውስጡ በዝገት ሲበላ ግን ከውጭ ደህና እየመሰለ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ውስጡ የሚንኳኳ ወይም ዝገት የሚያራግፍ ከሆነ አብቅቷል። ሽቅብ የቆመ የጭስ ማውጫ ደግሞ በክረምት ዝናብ ያስገባል፤ ውኃው ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ትራክተሩ በቆመ ጊዜ አፉን በጣሳ መክደን፣ ከማስነሣት በፊትም ጣሳውን ማንሣት ትንሽ የሚመስል ግን ማርሚታውን ለዓመታት የሚያቆይ ልማድ ነው።

መፍትሄው ለሞዴሉ የተሠራ ማርሚታ መግጠም ነው። በመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ፈልጎ ያጣ ሰው በያጅ ዘንድ ቢያሠራ አልቃወምም፤ ነገር ግን በያጁ ላሜራ ጠቅልሎ ባዶ በርሜል ከሰጠው ገንዘቡን በከንቱ ከፍሏል፤ የውስጡ ክፍልና የተበሳሳው ቱቦ የግድ ያስፈልጋሉ። የጭስ ማውጫው አፍ ከኦፕሬተሩ ራስ ከፍ ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢዞር ጩኸቱንም ጭሱንም ያርቃል። ማርሚታን አንሥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ መግጠም ጉልበት ይጨምራል የሚለውን እምነት ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በልኩ የተሠራ ማርሚታ ጉልበትን ይህን ያህል አይነካም፤ ጉልበት ያነሰው ትራክተር በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው፣ ኖዝሎቹና የሲሊንደሮቹ እመቃ መታየት አለባቸው።

ጩኸቱ ከማርሚታው ሳይሆን ከሞተሩ ጎን «ችስ ችስ» እያለ የሚወጣና ሲጫን የሚብስ ከሆነ፣ ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት መጋጠሚያ ያለው ጋርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ብሎኖቹ ላልተዋል። በመጋጠሚያው ላይ የሚታይ የጥላሸት መስመር ምስክር ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ ይጠበቃሉ፤ ካልተሻለ ጋርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ፊቱ የተጣመመ ከሆነም ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል። ሞተሩን አስነሥቶ ይህን ፍተሻ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ማድረግ ነፍስን የሚያሳጣ ስለሆነ ትራክተሩ ወደ ሜዳ ይውጣ።

ሌሎች የሞተር ድምፆች

ከላይ የሚሰማ ቀጭን «ጠቅ ጠቅ» አብዛኛውን ጊዜ የባልቦላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው የሞተሩ መክፈቻና መዝጊያ) ክፍተት መስፋት ስለሆነ በሞዴሉ መመሪያ ልክ ይስተካከላል። የሚያፏጭ ድምፅ ከላላ ቺንጋ ወይም ከደረቀ ኩሽኔታ ይመጣል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣና ጭነት ሲጨምር የሚበረታ ከባድ ድብደባ ግን የቢየላ ብሮንዝ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ የሚዞርበት ልባስ) ማለቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ

እንደ ማሴ ፈርጉሰን 135 ባሉ ትራክተሮች ሞተሩ ራሱ የትራክተሩ አካል ተሸካሚ ስለሆነ በመካከል ንዝረቱን የሚያስቀር ጎማ የለም፤ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ)፣ ወደ ኮፈኑና ወደ መርገጫው ይሄዳል። የላላ ኮፈን ወይም ሮንዴላው የወደቀ ፓራፋንጎ እንደ ከበሮ ይሆናል። ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ በመጋጠሚያዎቹ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ማስገባት፣ መርገጫው ላይም ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ ብዙ ወጪ የሌለው መፍትሄ ነው። ለፀሐይ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሠራው ጣሪያ ደግሞ የሞተሩን ድምፅ መልሶ በኦፕሬተሩ ራስ ላይ ይደፋዋል፤ ጣሪያው ይቅር አልልም፣ ቆርቆሮው ግን ከስሩ ድምፅ የሚውጥ ነገር ሊለበጥና እሳት እንዳይነካው ከጭስ ማውጫው ሊርቅ ይገባል።

አነዳዱም ጩኸት ይቀንሳል። ቀላል ጋሪ ሲጎትቱ ወይም የታረሰ መሬት ሲከሰክሱ ነዳጁን በሙሉ ከመርገጥ ይልቅ ማርሹን ከፍ፣ የሞተሩን ዙር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ማውጣት ወይም መንገጫገጭ ከጀመረ ግን ከአቅሙ በላይ ሆኗልና ማርሹ ይቀነስ። በፒቲኦ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ሌላ መሣሪያ በሚያስተላልፈው የትራክተሩ ዘንግ፣ የሚሠራ መውቂያ የተወሰነ ዙር ስለሚፈልግ ይህ ዘዴ ለእርሱ አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ የሚያግዘው ርቀት ነው። በሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለውን ርቀት በእጥፍ ማሳደግ ጩኸቱን ወደ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ ነዶ የሚያቀብሉት ሰዎች በፈረቃ ይሥሩ፤ ምርቱን የሚያነፍሱ ሴቶችና አጠገብ የሚጫወቱ ልጆችም ራቅ ይበሉ።

«ማታ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ጠዋት ይለቀኛል»

ይህን የሚል ኦፕሬተር ድኗል ማለት አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከጩኸት በኋላ ሲደክሙ ጆሮ ይደፈናል ወይም ይጮሃል፤ ድካሙ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ይሞታሉ፣ የሞቱትም አይተኩም። ጉዳቱ የሚጀምረው 4,000 ሄርዝ አካባቢ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች ስለሆነ ሰውየው የሞተሩን ጉርምርምታ እየሰማ «ሰማ» እና «ሸማ» መለየት ያቅተዋል፤ ቀድሞ የሚጠፋበትም የልጆቹና የባለቤቱ ድምፅ ነው። ቤተሰቡ «ሲጠሩት አይሰማም» ብሎ የሚቀየመው ይህን ባለማወቅ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም።

መፍትሄው መከላከያ ነው። ጥጥ መወተፍ የሚቀንሰው ጥቂት ስለሆነ እንደ መከላከያ አይቆጠርም። የስፖንጅ መሰኪያ በንጹሕ እጅ ተጠቅልሎ፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ይገባል፤ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ይያዛል። በመረሬ ጭቃና በናፍጣ በተበከለ እጅ መሰኪያ ማስገባት ጆሮን ስለሚያመረቅዝ፣ ለማሳ ሥራ እኔ የምመርጠው ሙሉ ጆሮን የሚሸፍነውን ኢርማፍ ነው፤ ሻሽና ኮፍያው ከኢርማፉ ሥር እንዳይገቡ ግን ይጠንቀቁ፣ ክፍተት ፈጥረው ጩኸቱን ያስገባሉና። በማሸጊያው ላይ ኤንአርአር ተብሎ የተጻፈው፣ መከላከያው የሚቀንሰውን የጩኸት መጠን የሚያሳየው ቁጥር እንዳለ አይወሰድም፤ 7 ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ሲካፈል ለሥራ ላይ የሚቀርብ ግምት ይገኛል። ስለዚህ 29 የተጻፈበት የሚሰጠው 11 ዴሲቤል ያህል ሲሆን 97ቱን ወደ 86 ያወርደዋል። በ97 ዴሲቤል ስልክ ለማናገር ለ30 ደቂቃ ያወለቀው ኦፕሬተር የቀኑን ድርሻ በዚያው ጨርሷል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ማናገር ይሻላል።

«መከላከያ ካደረግሁ ረዳቴ ሲጮህ አልሰማም» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ በተለይ የመስማት ኃይሉ ለቀነሰ ሰው እውነት ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር የእጅ ምልክት ይስማሙ፤ ለመቆም፣ ማረሻ ለማንሣትና ወደ ኋላ ለመሄድ ሦስት ምልክት ይበቃል። ትራክተሩ በአሠሪ ስም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያውን ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ጆሮው ያለ ዕረፍት የሚጮህበት ወይም ንግግር መከታተል የተሳነው ሰው የመስማት ልኬት ያስፈልገዋል። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው። በድንገት አንድ ጆሮ መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙ በትራክተር ላይ ስንት ዓመት እንደሠሩና የትኛው ጆሮ እንደሚብስ ይንገሩ። ማረሻውን ለማየት በቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ የሚዞር ኦፕሬተር ግራ ጆሮውን ለሞተሩና ለጭስ ማውጫው ስለሚሰጥ ግራው ቀድሞ መጎዳቱ የተለመደ ነው፤ ሆኖም የአንድ ጆሮ ድካም ሌላ ሕመምም ሊሆን ስለሚችል ያለ ምርመራ በትራክተሩ ብቻ አይፈረድ።