ኤክስን አትጫኑ፦ የሮክስታርን ታሪክ ከጂቲኤ ሲዲ ላይ ማንበብ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ጂቲኤ (ግራንድ ቴፍት ኦቶ) የሚባለውን ጌም የሚያወጣው ሮክስታር ነው፤ ቴክ-ቱ ደግሞ ሌላ የአሜሪካ ጌም ኩባንያ ነው። «ቴክ-ቱ ሮክስታርን ገዛው» «የለም፣ ሮክስታር ራሱን የቻለ ነው» የሚል ክርክር ሲነሳ ጨዋታው ይቆማል፣ ሂሳቡ ግን ይቆጥራል። እኔ አልከስርም። ቢሆንም እንዴት እንደምታጣሩት ልንገራችሁ።

ሲዲው ሲነሳ እጃችሁን ከጆይስቲኩ አንሱ። ልጆቹ በብርድ በደነዘዘ ጣት፣ ገና ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ ኤክስን ይደበድቡታል። እኔ ቤት ከሁሉም ቁልፍ ቀድሞ ምልክቱ የሚጠፋው እሱ ነው። እየዘለሉ የሚያልፉት ደግሞ ዋናውን ነገር ነው። ከጂቲኤዎቹ አንዱ ሳን አንድሪያስ ሲከፈት የሚታየው ሮክስታር ጌምስ አሳታሚው ነው፣ ገንዘብ አውጥቶ ገበያ ያወጣው። ሮክስታር ኖርዝ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሠራው። ሁለቱን ለይቶ ከማያውቅ ሰው ጋር አትከራከሩ።

ባለቤቱን ለማወቅ ሽፋኑን ገልብጡ። ቴክ-ቱ ኢንተራክቲቭ የሚለው ከግርጌ፣ ጉንዳን በሚያክል ጽሑፍ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ፎቶኮፒ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ጥቁር ቀለም ብቻ ታገኛላችሁ። የኦርጅናሉን ፎቶ በስልክ ፈልጋችሁ አጉሉት።

ከዚያ ጨዋታዎቹን በዓመት ደርድሩ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የ1997ቱ የመጀመሪያው ጂቲኤ ላይ ሮክስታር የሚባል ስም የለም። ሠሪው የስኮትላንዱ ዲኤምኤ ዲዛይን፣ አሳታሚው ቢኤምጂ ኢንተራክቲቭ ነው፤ ቢኤምጂ ያው የሙዚቃው ኩባንያ። የክርክሩ መልስ ያለው በቀጣዩ ዓመት ላይ ነው። ማርች 1998 ቴክ-ቱ ቢኤምጂ ኢንተራክቲቭን ገዛ፣ ጂቲኤም አብሮ መጣለት። ቢኤምጂ ኢንተራክቲቭ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሳም እና ዳን ሃውዘር ከቴሪ ዶኖቫን፣ ከጄሚ ኪንግና ከጋሪ ፎርማን ጋር ሆነው ዲሴምበር ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ሮክስታርን መሠረቱ። ስለዚህ ሮክስታር ተገዝቶ አልመጣም፣ እዚያው ቴክ-ቱ ቤት ነው የተወለደው። የተገዛው ቢኤምጂ ኢንተራክቲቭ ነው። ሁለቱም ተከራካሪ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ሂሳብ ይክፈሉ።

በ1999 ጂቲኤ 2 የሮክስታርን ስም ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት ቴክ-ቱ ዲኤምኤ ዲዛይንንም ገዛው። የ2001ዱን ጂቲኤ 3 እና የ2002ቱን ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ አንዱ ላይ ሠሪው ዲኤምኤ ዲዛይን፣ ሌላው ላይ ሮክስታር ኖርዝ ይላል። ቤቱ ያው ነው፣ ስሙ ነው የተቀየረው።

ቅርጫት ኳስ እኔ ጋ ብዙም አይጠየቅም እንጂ ዘዴው የቅርጫት ኳሱ ጌም ኤንቢኤ 2ኬም ላይ ይሠራል። የ2004ቱ ሽፋን ላይ አሳታሚው ሴጋ ነው፣ የ2005ቱ ላይ 2ኬ። በመሃል ማን ማንን እንደገዛ እናንተው ድረሱበት።