ኦንላይን ፕረዘንቴሽን ጠርታችሁ ሰው ካልገባላችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩት

ድሬ ሆኜ ለትንንሽ ነጋዴዎችና ለአዲስ ተመራቂዎች በዙም ፕረዘንቴሽን ማዘጋጀት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ሂሳብ አያያዝ፣ በቴሌግራም መሸጥ፣ ሲቪ አጻጻፍ፣ እንደዚ እንደዚ ያሉ ነገሮች። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲቀርብኝ ርዕሱ አልተወደደም ብዬ ርዕስ እቀይራለሁ፣ ፖስተር እቀይራለሁ፣ ለካ ሰዉ ርዕሱን ይፈልገዋል ግን በጠራሁት ሰዓት መምጣት አይችልም። ስንት የተደከመበት ስራ በጣት ለሚቆጠር ሰው ቀርቦ ቀርቷል መሰላችሁ። ስለዚ ራሴ የሰራኋቸውንም ሌሎች ሲሰሩ ያየኋቸውንም ስህተቶች ልጻፍላችሁ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ የምስራቁን ሰው የምትጠሩም ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

"8 ሰዓት" ብሎ መተው

ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ብዙ ሰው ያስቀረብኝ ይሄ ነው። ፖስተሩ ላይ "ቅዳሜ 8 ሰዓት" ብለን ጻፍን፣ ከዙም የሄደው ኢሜይል ደግሞ 2፡00 ፒኤም ይላል። አንዱ ፖስተሩን አይቶ ከቀኑ 8 ብሎ ያዘ፣ ሌላው ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 8 ሲል እዛው ስልኩ ላይ 8 ሲሆን ጠብቆ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሊንኩን ነካ፣ ኢሜይሉን ብቻ ያየው ደግሞ 2 የሚለውን አይቶ ማታ ነው ብሎ ደመደመ። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ያልለየነው እኛ ነን። የ6 ሰዓት ልዩነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ሰው በሩጫ መሃል መልእክት ሲያይ ቁጭ ብሎ አያሰላም። አሁን ሁሌ በአንድ መስመር ላይ ሁለቱንም ነው የምጽፈው፣ "ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኛ፣ በስልካችሁ 2፡00 ፒኤም"። "ከቀኑ" ወይ "ከምሽቱ" የሚለውን ቃል በጭራሽ አትዝለሉት።

አካውንቱን ውጭ ያለ ዘመድ ከፍቶ ሰጥቷችሁ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ክልሉን ገብታችሁ እዩ፣ የሱ አገር ላይ እንደተሞላ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው።

ቀኑም እንደዛው። ህዳር ማለት ኖቬምበር ነው ተብለን ስላደግን "ህዳር 5"ን ወደ "ኖቬምበር 5" የሚቀይር ፖስተር ሰሪ አለ፣ ህዳር 5 ግን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 14 ላይ ነው የሚውለው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልዩነት ነው። የሳምንቱን ቀን ስም ሁሌ ጨምሩበት፣ "ሐሙስ" የሚለው ቃል በሁለቱም አቆጣጠር ሐሙስ ነው።

ከሰዓት በኋላን እንደ አዲስ አበባ ማሰብ

አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ሰው ምሳ በልቶ ወደ ስራ የተመለሰበት፣ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠበት ሰዓት ነው፣ እዛ ይሰራል። ድሬ ላይ ግን በዛ ሰዓት ፀሐይዋን የሚያውቅ ያውቃታል፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ መጋላ ገበያ ውስጥ እግር ይቀንሳል፣ ሰው ጥላ ስር ይገባል። ከዛ ደግሞ በርጫ አለ፣ ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት። አንዳንድ አዘጋጆች "በበርጫ ሰዓት ሰው ቁጭ ብሏል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ስለዚ ይገባል" ይሉኛል፣ እኔም አምኜ ሞክሬዋለሁ፣ አዎ ይገባል፣ ቁጥሩም ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል። ግን ያ ሰው ብቻውን አይደለም፣ ጓደኞቹ ጋ ነው፣ ጨዋታ አለ፣ ስልኩን አስገብቶ ድምፁን ዘግቶ ፍራሹ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥያቄ ስትጠይቁ ዝም ነው። መግባትና መከታተል ይለያያሉ፣ እኔ አስር ሰው ኖሮ አስሩም ቢከታተል እመርጣለሁ።

ሐረር ከፍ ስለሚል፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ፣ ሙቀቱ ለነሱ እንደኛ ምክንያት አይሆንም፣ በ50 ምናምን ኪሎሜትር ይሄን ያህል አየሩ ይቀየራል። የበርጫው ነገር ግን እዛም ያው ነው።

ድሬ የምትነቃው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰው ቤት የለም፣ ከዚራ ሰፈር ጥላው ስር እየተንሸራሸረ ነው፣ ገበያ ላይ ነው፣ ነፋስ እየተቀበለ ነው። ሙቀት ውሎበት ንፋስ ያገኘን ሰው ቤት ግባና ስክሪን እይ ማለት ይከብዳል። ለተመራቂዎቹ ብዙ ሞክሬ የቀረልኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

ሶላትን መርሳት

እዚህ ከተማ ሰው ስትጠሩ ይሄን ካላሰባችሁ ከአድማጫችሁ ብዙውን አላሰባችሁትም ማለት ነው። አርብ እኩለ ቀን አካባቢ ፕረዘንቴሽን የሚባል ነገር አይታሰብ፣ በአገር ደረጃ እንኳን የመንግስት መስሪያ ቤት የአርብ ምሳ ሰዓት ለጁምዓ ተብሎ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ይሄን አብዛኛው ሰው ያውቃል፣ የሚረሳው የምሽቱን ነው። መግሪብ፣ የፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ወይ ትንሽ አለፍ ይላል፣ ከዛ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ የማታው ሶላት ኢሻ ይመጣል። ስለዚ "ከምሽቱ 1 ሰዓት" ብላችሁ ስትጠሩ ልክ መሃሉ ላይ ኢሻ ይገባና ጎበዝ ተከታታያችሁ ተነስቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ ዋናው ነገር አልፏል። እሱን ደግሞ "አቋርጦ ወጣ" ብሎ መቁጠር ትልቅ በደል ነው።

ረመዳን ላይ ማታውን ከተራዊህ (ከረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ ካላደረጋችሁት ጠዋት 4 ሰዓት ይሻላል፣ ሰው ገና ጉልበት አለው። የመጨረሻዎቹን አስር ቀናት እኔ ጭራሽ ምንም አላዘጋጅም። ረመዳን በፈረንጁም በኛም አቆጣጠር በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ አምና የሰራላችሁን ፕሮግራም ኮፒ አድርጋችሁ ዘንድሮ አትለጥፉት።

ለክርስቲያኑም እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ እሁድ ጠዋት ክፍት ነው የሚል ሰው ማንን አይቶ እንደሚል አላውቅም።

የመንግስት በዓላትን ብቻ ማየት

ካሌንደር ላይ ቀይ ያልሆነ ቀን ሁሉ የስራ ቀን አይደለም። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ከቀኑ በፊት ያሉት ሁለት ሶስት ቀናትም አብረው ይሄዳሉ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ነው፣ ግማሹ እንግዳ ተቀብሏል፣ ሆቴል ያለው ነጋዴ ደግሞ ለመተንፈስም ጊዜ የለውም። ሐረርን የምትጠሩ ከሆነ ሸዋሊድ አለላችሁ፣ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ የሚከበረው፣ በ2023 በፈረንጅ ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ያን ሰሞን ሐረሪው ከውጭም ከውስጥም ይሰበሰባል ማን ዙም ይከፍታል።

ውጭ ያሉትን በአንድ ሰዓት ለአመት መጥራት

የኛ ሰዓት አመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፣ የነሱ ይነቃነቃል፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁዶች ነው፣ ስለዚ በመሃል አሜሪካ ቀይሮ አውሮፓ ያልቀየረበት ሳምንታት አሉ። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 7 ሰዓት ነው አንዴ 8፣ ከለንደን 2 ወይ 3።

ሚዲያ ላይ የምንሰራ ልጆች ተሰብስበን ከውጭ አገር የድሬ ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት እንገናኝ ነበር፣ ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 10 ኤኤም ይሆናል። ኖቬምበር ገባ፣ ማናችንም አላሰብነውም፣ እነሱ በለመዱት 10 ኤኤም ሲገቡ እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተን እየጨረስን ነበር፣ ያዘጋጀው ልጅ እንዴት እንዳዘነ። አሁን ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት የነሱን ሰዓት እንደ አዲስ እናያለን።

ቅዳሜን የመረጥንበትም ምክንያት አለው። በስራ ቀን የኛ ማታ 3 ሰዓት ዋሽንግተን ላሉት የስራ ሰዓት ነው። እሁድ ደግሞ ሳውዲ ስራ ነው፣ እረፍታቸው አርብና ቅዳሜ ነው፣ ኤምሬትስ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወደ ቅዳሜና እሁድ ቀይራለች። ሁሉም ቤቱ የሚገኝባት ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት፣ ለኛ የነፋስ ሰዓት ቢሆንም ለነሱ ስንል ችለናታል።

ሰዓቱን መርጦ 15 ደቂቃ መዘግየት

ነፃውን ዙም የምትጠቀሙ ከሆነ 40 ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። "ሰው እስኪሞላ እንጠብቅ" ብላችሁ 15 ደቂቃ ካለፈ 25 ቀረ፣ በሰዓቱ የገባው ሰውም በሚቀጥለው አርፍዶ ይመጣል ምክንያቱም አስተማራችሁታል። በሰዓቱ ጀምሩ። ማስታወሻውን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከዛ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ከዛ ልትጀምሩ አስር ደቂቃ ሲቀር ከነሊንኩ ላኩ፣ ሊንክ ፍለጋ ወደ ላይ እየሳበ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው።

የመጡትን ብቻ መጠየቅ

ቴሌግራም ላይ "የትኛው ሰዓት ይመቻችኋል" ብሎ ፖል መልቀቅ ደስ ይላል፣ ግን ፖሉን የሚመልሰው ድሮም የሚገባው ሰው ነው። እነሱን የተመቻቸውን ሰዓት መልሰው ይመርጡላችኋል፣ እናንተም ሰው ጠይቄ ነው ትላላችሁ። የቀረው ሰው ፖል አይመልስም፣ ስልክ ነው የሚፈልገው። ተመዝግበው ያልገቡትን ሶስት አራት ሰው ደውላችሁ፣ ለምን ቀረህ ሳይሆን ያን ሰዓት ምን ላይ ነበርክ በሉ።

እኔ የነጋዴዎቹን ለረጅም ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር የማደርገው። ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶስት ጊዜ ተመዝግባ ሶስቴም የቀረች እህት ነበረች፣ ደወልኩላት። "አቦ ወንድሜ፣ ርዕሱንማ እፈልገዋለሁ፣ ግን እናንተ ስትጀምሩ እኔ ገና እቃ እያስገባሁ ነው፣ ቤት ደርሼ ልጆቹን አብልቼ ሶስት ሰዓት ሲሆን ነው ስልክ የምይዘው" አለችኝ። ሌሎቹም ከሞላ ጎደል ያንኑ አሉ። ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ አደረግነው፣ ገባች፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችውም እሷ ናት፣ በዱቤ የወጣ እቃ የት ገጽ ላይ ነው የሚጻፈው ብላ።