ለልምምድ የጠፈር መንኮራኩር ክፍል የማስጠንቀቂያ መብራትና ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ

ጎንደር ውስጥ በአንድ የተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ከካርቶንና ከጣውላ የጠፈር መንኮራኩር አብራሪ ክፍል ስንሠራ፣ ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ብዙ መብራት ነበር። በመጀመሪያው ሰሌዳችን ላይ አሥር ቀይ መብራቶች ደረደርን፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ እጇን ወዴት እንደምትሰድ ጠፍቷት ዞራ አየችን። ማስጠንቀቂያ ምን እንደተበላሸና ምን ያህል መፍጠን እንደሚያስፈልግ ካልተናገረ ጌጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦ ከመንካትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

በወረቀቱ ላይ ብልሽቶቹን ይጻፉ። ለጀማሪ አራት ይበቃሉ፦ እሳት፣ የአየር ግፊት መቀነስ፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የባትሪ መድከም። ከእያንዳንዱ ጎን አብራሪው የሚወስደውን የመጀመሪያ እርምጃ ያስፍሩ፤ እርምጃ ያልተገኘለት ብልሽት መብራት አያስፈልገውም። ቀጥሎ በክብደታቸው ይለዩዋቸው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እሳት፣ ፈጣን የግፊት መቀነስና የተመረዘ አየር ከሁሉ ከፍ ባለው የአደጋ ደረጃ ይመደባሉ፤ ሌሎቹ ከእነሱ በታች ይሰለፋሉ። ለእኛ ቀይና ብጫ ይበቁናል፦ እሳትና ግፊት በቀይ፣ ኦክስጅንና ባትሪ በብጫ። ልዩነቱን ለልጆቹ የማስረዳው በደወልና በኡኡታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ሰው የያዘውን ጨርሶ ይነሣል፣ ኡኡታ ሲሰማ ግን የያዘውን ጥሎ ይወጣል።

ለዕቃው አንድ አርዱዪኖ ኡኖ (በተጻፈለት ኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ አምስት ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች (ሦስት ቀይ፣ ሁለት ብጫ)፣ አምስት ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ)፣ ድምፁን ከኮዱ የሚቀበል አንድ ትንሽ ድምፅ ማውጫ፣ ሁለት መጫኛ ቁልፎች፣ እንዲሁም አሠልጣኙ ብልሽት የሚፈጥርባቸው አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች ያዘጋጁ። የአርዱዪኖው 0 እና 1 ቁጥር ፒኖች (የሽቦ መሰኪያዎች) ከኮምፒውተር ጋር መነጋገሪያ ስለሆኑ ይተዋቸው፤ ከ2 እስከ 13 ያሉት አሥራ ሁለቱ ልክ ይበቃሉ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ ከ5 ቮልቱ የሚተርፈው 3 ቮልት በ220 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 14 ሚሊ አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ይህም ለፒኑ ከሚመከረው 20 ሚሊ አምፔር በታች ነው። መብራት ሲጠፋ ልምምዱ እንዳይቋረጥ በፓወር ባንክ ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆን ራሳቸውን ስለሚያጠፉ አስቀድመው ለግማሽ ሰዓት ይሞክሩት።

የመብራቶቹን ስም በአማርኛ በጥቁር ካርቶን ላይ ቆርጠው ያውጡና ከኋላው ስስ ነጭ ወረቀት ይለጥፉ። «ግፊት ቀንሷል» ሲቆርጡ የ«ቀ» ውስጠኛ ክፍል ወልቆ እንዳይወድቅ ቀጭን ማያያዣ ይተዉለት። የአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው ስም እንዳይሾልክ በመካከላቸው የካርቶን ግድግዳ ያቁሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አምስተኛው ኤልኢዲ የጠቅላላ ማንቂያው መብራት ነው፤ ማንኛውም ብልሽት ሲመጣ እርሱም ይበራል፣ ድምፁም ይጮኻል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ባደረሰው የአፖሎ መንኮራኩር አብራሪው የማንቂያውን ቁልፍ ሲጫን ድምፁና የማንቂያው መብራት ይጠፉ ነበር፤ የብልሽቱ መብራት ግን ችግሩ እስኪወገድ ድረስ እንደበራ ይቆያል። ከሁለቱ ቁልፎቻችን የመጀመሪያው ለዚሁ ነው። ይህን ሥርዓት አጥብቀው ይጠብቁ፤ ጩኸቱን ዝም ያሰኘ ሰው ችግሩን የፈታ ይመስለዋልና። በኮዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ብልሽት ሁለት ነገር ያስመዝግቡ፦ ብልሽቱ አለ ወይ፣ አብራሪው አይቶታል ወይ። ያልታየው ብልጭ ድርግም ይበል፣ የታየው ጸንቶ ይብራ፤ አዲስ ብልሽት ሲጨመር ጩኸቱ እንደገና ይጀምር።

የአፖሎ ድምፅ 750 እና 2000 ኸርዝን በሰከንድ 2.5 ጊዜ ያፈራርቅ ነበር፤ እያንዳንዱን ለ200 ሚሊ ሰከንድ በማሰማት ለቀዩ ይህንኑ ይጠቀሙ፣ ለብጫው አንድ አጭር ድምፅ ይበቃል። ብልጭታው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይሁን፤ ከሦስት በላይ የሆነ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላልና በዚህ አይደራደሩ። ጊዜውን ኮዱን ቆሞ በሚያስጠብቀው በ«ዲሌይ» (delay) ትእዛዝ አይቁጠሩ፤ አርዱዪኖው በሚጠብቅበት ቅጽበት ቁልፉ ቢጫን አይሰማም። ይልቅስ በ«ሚሊስ» (millis) ትእዛዝ ሰዓቱን እያነበበ ይሂድ።

ሁለተኛው ቁልፍ መብራቶቹን ሁሉ ለአፍታ የሚያበራ መሞከሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይጫኑት፤ የተቃጠለ መብራትና ብልሽት ስለሌለ የጠፋ መብራት ሲታዩ አንድ ናቸው።

የመጨረሻው ሥራ የእርምጃ ካርድ ማዘጋጀት ነው። ከአፖሎ 11 በረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በተደረገ የምድር ልምምድ ላይ የኮምፒውተር ማንቂያ ሲመጣ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው ስቲቭ ቤልስ ጨረቃ ላይ ማረፉ እንዲቋረጥ ወሰነ፤ ውሳኔው ትክክል አልነበረም። ከዚያ በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያው ጃክ ጋርማን የማንቂያ ቁጥሮቹን ከነትርጉማቸው በእጁ ጽፎ ያዘ። ሐምሌ 20 ቀን 1969 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መንኮራኩሩ ወደ ጨረቃ እየወረደ ሳለ 1202 የሚለው ማንቂያ ሲመጣ፣ ማረፉ እንዲቀጥል ለመፍቀድ ሰከንዶች በቁ። እርስዎም በወረቀቱ ላይ ያሰፈሯቸውን እርምጃዎች በካርድ ላይ ገልብጠው ከሰሌዳው አጠገብ ይስቀሉ፤ አሠልጣኙ ማብሪያውን ሲከፍት ጀምሮ ተማሪው የመጀመሪያውን እርምጃ እስኪወስድ ያለውን ጊዜ ይያዙ። ተማሪው ድምፁን አጥፍቶ ካርዱን ሳያይ ከተቀመጠ፣ እርሱን ከመውቀስ በፊት የስሙን አጻጻፍና የካርዱን ቦታ ይመርምሩ፤ አስተካክለውም ያንኑ ብልሽት ይድገሙለት።