ከዝናብ በኋላ በበረሃ ያነሣችኋት ንግሥት ጉንዳን ማን ናት?

በአሪዞናው የሶኖራ በረሃ ጉንዳን ለሚሰበስብ ሰው ዓመቱ የሚጀምረው በዝናብ ነው። የዝናቡ ወቅት በይፋ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይቆጠራል፤ ከእኛ ክረምት ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው። ጥሩ ዝናብ ሲጥል ፊኒክስና ቱሳን ዙሪያ ንግሥቶች ይወጣሉ፣ ሰውም ብልቃጡን ይዞ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ቤት ሲገባ ነው። ስሟን ማወቅ ለጌጥ አይደለም፤ ትመገብ ወይስ ትተው የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

«ክንፍ አላት፣ ትልቅ ናት፣ ግን ንግሥት አልመሰለችኝም»

መጀመሪያ ጉንዳን መሆኗን አረጋግጡ። አገር ቤት ያደገ ሰው አሸን ሲፈላ አይቷል። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ የአሪዞናም ምስጥ በዚያው ዝናብ ይወጣል። የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ወፍራም፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ወገቧ ይቀጥናል፣ የፊት ክንፎቿ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ምስጥ በክብር አስቀምጬ ስንከባከብ ነበር።

ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ተርብ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ወንድ ነው፤ ልቀቁት። ንግሥት ደረቷ ሰፊና ጉብ ያለ ነው፤ ክንፏን ከጣለች ጠባሳው በደረቷ ጎን ይታያል። ክንፍ መጣሏ ግን ለመዳቀሏ ማስረጃ አይሆንም፤ ሳይዳቀሉ የሚጥሉ አሉ።

«ሁሉም ቀይ ቡናማ ናቸው፤ ፎቶ አንሥቼም መለየት አቃተኝ»

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፦ በቀለም መጀመርና ከላይ ፎቶ ማንሣት። በዚህ በረሃ ግማሹ ጉንዳን ቀይ ቡናማ ነው፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ ወገቡ ይደበቃል።

ብልቃጡን ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር አላልኩም) ለጥቂት ደቂቃ አኑሩት። ስትፈዝ ማስመሪያ አጠገቧ አድርጉና ከጎን አንሷት፤ ስልክ ላይ የሚገጠም ማክሮ ሌንስ ይበቃል። በእጅ አትያዟት። ማሪኮፓ የሚባለው የእህል ለቃሚው ጉንዳን (የፖጎኖሚርሜክስ) ዝርያ መርዝ ከተለኩት የነፍሳት መርዞች ሁሉ ኃይለኛው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ በደረቷና በሆዷ መካከል ስንት ጉብታ አለ?

ሁለት ከሆነ አገጯ ሥር ተመልከቱ። ወደ ፊት የታጠፈ ረጃጅም ጸጉር፣ ልክ እንደ ጺም፣ ካላት እህል ለቃሚዋ ፖጎኖሚርሜክስ ናት ማለት ይቻላል፤ ጺሙ አሸዋ ለመሸከም ያገለግላል። ጺም ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንድ ጉብታ ያላቸው አንዳንድ የበረሃ ጉንዳኖችም አላቸው። ወገብን አስቀድሙ የምለው ለዚህ ነው። ጺም ከሌላትና ደረቷ ላይ እሾህ ካለ ቅጠል ቆራጯን አክሮሚርሜክስ ቬርሲከለርን ጠርጥሩ። ትንሽ ከሆነችና አንቴናዋ 10 ወይም 11 ክፍል ኖሮት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካበጡ ሶሌኖፕሲስ (የእሳት ጉንዳን ወገን) ናት፤ 12 ክፍል ኖሮት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ካበጡ ባለ ትልቅ ጭንቅላቷ ፌይዶሌ መሆኗ አይቀርም።

አንድ ጉብታ ብቻ ካላት ሆዷ ጫፍ ላይ በጸጉር የተከበበች ክብ ቀዳዳ ፈልጉ። አሲድ መርጫ ናት፤ እነዚህ አይናደፉም። እዚህ ላይ ሰው የሚምታታው በማር አጠራቃሚዋ ሚርሜኮሲስተስና በእንጨት ቦርቧሪዋ ካምፖኖተስ መካከል ነው። የአንቴናዋን ሥር እዩ፦ ከአፏ በላይ ካለው ሰሌዳ ጠርዝ ራቅ ብሎ ከተተከለ ካምፖኖተስ፣ ጠርዙ አጠገብ ከሆነ ሚርሜኮሲስተስ። የኋለኛዋ ከአፏ ሥር በጣም ረጃጅም መዳሰሻዎችም አሏት። ሰዓቱም ይረዳል፦ በመብራት ሥር ሌሊት ያገኛችኋት ፈዛዛ ቢጫ ንግሥት ካምፖኖተስ ፌስቲናተስ ልትሆን ትችላለች፤ ፖጎኖሚርሜክስ ሩጎሰስ ግን ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው።

«ለይቻታለሁ፤ ግን እንቁላሏን በልታ ሞተች»

እዚህ ጋ ስህተቱ ያለው ከስሙ ነው። ሩጎሰስና ባርባተስ የሚባሉት የፖጎኖሚርሜክስ ዝርያዎች በራሳቸው ስብ የመጀመሪያ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ ውኃ፣ ጨለማና ጸጥታ ይበቃቸዋል። ፖጎኖሚርሜክስ ካሊፎርኒከስ ግን ወጥታ ካልለቀመች አትችልም። «ንግሥት አትመገብም» የሚለውን ምክር ይዞ እሷን ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሰው በረኀብ ይገድላታል። እኔ ከጓዳ ጥቂት ጤፍ ጣል አደርግላታለሁ። አክሮሚርሜክስ ደግሞ ከእናቷ ቤት በአፏ ይዛ የወጣችው የፈንገስ ጉርሻ ከጠፋባት ያለ ፈንገስ ቤት አትሠራም።

ባርባተስና ሩጎሰስ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ አካባቢዎች የሁለቱ ዘር ጥንት ተደባልቆ የተለያዩ የዘር መስመሮች ፈጥሯል፤ ሠራተኛ የሚወለደው ንግሥቲቱ ከሌላው መስመር ወንድ ጋር ከተዳቀለች ብቻ ነው። ከራሷ መስመር ብቻ የተዳቀለች ንግሥት እንቁላል ትጥላለች፣ ሠራተኛ ግን አታወጣም። ይህ በመልክ አይታወቅም፤ ጥፋቱን ራሳችሁ ላይ አትከምሩ።

«አሁንም ዝርያዋን አላወቅኩም»

ብዙውን ጊዜ ወገኗን ካወቃችሁ ለአያያዝ ይበቃል፤ ፖጎኖሚርሜክስ ከሆነች ግን ካሊፎርኒከስ ልትሆን ስለምትችል ጥቂት እህል ጣል አድርጉላት፤ ሠራተኞቿ ሲወጡ ቀሪው ይቀልላል። እንደ ሳጓሮ ካሉ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ አትሰብስቡ፤ ንግሥትን ከስቴት ወደ ስቴት ለማሻገርም የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፒፒኪው 526 የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሞተችባችሁም አትጣሏት፤ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ጨምሯትና ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዝናቡ መቼ እንደጣለ በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።